ደንገጎ ላይ የፈላው ኮሮላ

ንጋት አሥራ አንድ ተኩል ላይ እነሣለሁ። ፊቴን ታጥቤ ዳቦ በሻይ እበላለሁ። የተማሪዎቹን ደብተር ከኋላ ወንበር ላይ አስቀምጬ ሙቀቱ ሳይበረታ ከድሬው ሳቢያን ሰፈር ከከተማው ወጣ ወዳለው ቢዮ አዋሌ እነዳለሁ። እዚያ ኬሚስትሪ አስተምራለሁ። መኪናው የባለቤቴ የዓለምሰገድ ነበር፤ ከተሠራ ሃያ ስምንት ዓመት ያለፈው ኮሮላ ነው። ዓለምሰገድ ካረፈ አንድ ዓመት ከአራት ወር ሆኖታል።

መኪናው ቤንዚን ይበላል። ሰኞ የምሞላው ሃያ ሊትር እስከ ዓርብ አያደርሰኝም። ሐሙስ ከሰዓት ማደያ ተሰልፌ የምቀርበት ክፍለ ጊዜ ስለበዛ ርዕሰ መምህሩ ሁለት ጊዜ አስጠነቀቀኝ። ሦስተኛውን ከመስማቴ በፊት ሙስአብ ጋራዥ ሄድኩ።

ያን ጋራዥ በስም ብቻ ነበር የማውቀው። ዓለምሰገድ ቅዳሜ ጠዋት እዚያ ያሳልፍ ነበር። ቤት ሲመለስ እጁን ታጥቦ ጋዜጣውን ይዘረጋል፤ ከእኔ ጋር በቀን የሚለዋወጠው ቃል ጥቂት ነበር። እንዲህ ያለ ሰው ነው ብዬ ተቀብዬው አሥራ ዘጠኝ ዓመት ኖርን።

ሙስአብ መኪናውን ገና ከበር ሲያየው የያዘውን መፍቻ መሬት ላይ አስቀመጠ።

«የአሌ መኪና» አለ። «ወላሂ፣ ቲቸር፣ እሱ የመጣ መሰለኝ።»

አሌ። እኔ እንዲህ ብዬ ጠርቼው አላውቅም።

«ቤንዚን ይበላል» አልኩት።

«አብሽሪ፣ አታስቢ፤ እናያታለን። ያ ሰውዬ እኮ ቅዳሜ ካልመጣ ይህ ጋራዥ ሥራ አይሠራም ነበር። የርዕሰ መምህራችሁን አነጋገር እያስመሰለ ሲያወራ ሆዴን ይዤ ሜዳ ላይ እንከባለል ነበር።»

ዓለምሰገድ ሰው ሲያስመስል አይቼ አላውቅም። ርዕሰ መምህሩንም አንድ ቀን ብቻ ነው ያገኘው፤ እኔን ሊወስደኝ መጥቶ። ከበር ቆሞ የሰማውን አነጋገር እዚህ አምጥቶ ማሳቂያ አድርጎታል፤ እኔ በዚያው ቀን እራት ላይ ያገኘሁት ዝምታ ነው።

«ጎማው ይሆን?» አልኩት።

ጎማው ጥቂት አንሶት ነበር፤ ነፋው። የአየር ፊልትሮው በአቧራ ተደፍኖ ነበር፤ ቀየረው። የሞተሩን እሳት የሚያነሡትን ካንዴላዎች አወጣና ጥቁር ጥላሸታቸውን አሳየኝ። ጎማዎቹን አንሥቶ በእጁ እያሽከረከረ ፍሬኑ እንዳልያዘ አረጋገጠ። ቤንዚን ስትሞዪ ኪሎ ሜትሩን ጻፊ አለኝ። ሳምንቱን ሙሉ ጻፍኩ። የተሻለው ነገር እዚህ ግባ አይባልም።

በሳምንቱ ስመለስ ወረቀቱን አይቶ ጭንቅላቱን አከከ።

«የሙቀቱ መርፌ የት ነው የሚቆመው?»

«ታች። ከታችኛው መስመር ከፍ ብሎ አያውቅም። ጥሩ አይደል?»

«ንጂ እስቲ።»

አጠገቤ ተቀምጦ ወደ ኤርፖርቱ ሄደን ተመለስን። መርፌው ከታች አልተነቃነቀም። ሙስአብ ኮፈኑን ከፍቶ የራዲያተሩን የላይኛውን የጎማ ቱቦ በመዳፉ ያዘ። ማቃጠል ነበረበት፤ እሱ ግን እንደ ልጅ ክንድ ጨብጦ ቆመ።

«አቦ» አለ፣ ግንባሩን መታ አድርጎ። «ቴርሞስታት እኮ የላትም። ራሴ ነኝ ያወጣሁት።»

አስረዳኝ። ቴርሞስታት ሞተሩ እስኪሞቅ ድረስ ውኃው ወደ ራዲያተር እንዳይሄድ የሚዘጋ ትንሽ ነገር ነው። ድሬ ሙቀት ስለሆነ ምን ያደርጋል እያሉ ብዙዎች ያስወጡታል። ከወጣ ሞተሩ በደንብ አይሞቅም፤ የመኪናው ኮምፒውተርም ሞተሩ ገና የተነሣ መስሎት ቤንዚን ይጨምራል።

«ጥፋቱ የኔም ነው» አለ። «ደንገጎ ዳገት ላይ ፈልታበት መጣና አውጣው አለኝ፤ አወጣሁ። የፈላችው ለካ ራዲያተሩ ተደፍኖ ነው። እሱን ቀየርን፣ ቴርሞስታቱን ረሳን። አሌ ከተማ ውስጥ ብቻ ስለሚነዳት አልታወቀውም።»

«ደንገጎ መቼ ሄደ?»

«ሦስት ዓመቱ ነው፣ ግንቦት ውስጥ። ማክሰኞ ነበር፤ ልጄ የተወለደ ዕለት ስለሆነ አልረሳውም። ሱሀይራ ከፊት ተቀምጣለች፣ ጫማዋን በእጇ ይዛ። ምን ሆናችሁ ብላቸው ሁለቱም ሳቁብኝ። እስከ ዛሬ አልነገሩኝም።»

ያን ማክሰኞ አስታወስኩት። ሸሚዙ ላይ ላብ ደርቆ ነጭ መስመር ሠርቶ ነበር። ስብሰባ ረዘመብን አለኝ፤ ሸሚዙን እኔ አጠብኩት።

«ሱሀይራ ማን ናት?»

«መለዋወጫ የምትሸጠው ናታ፣ መጋላ ገበያ። ቴርሞስታቱንም የምታገኚው እሷ ዘንድ ነው።»

በማግስቱ ከትምህርት ቤት ስመለስ መጋላ ገባሁ። ቆንጆ ትሆናለች ብዬ ስለፈራሁ የተሻለውን ቀሚሴን ነበር የለበስኩት። ሱቁ ጠባብ ነው፤ የሞተር ቀበቶ ከጣሪያው ተንጠልጥሏል። ሱሀይራ የእኔ እኩያ፣ ወፍራም፣ ጉልበቷን የሚያማት ሴት ናት። ያ ይበልጥ አናደደኝ። ቆንጆ ብትሆን ኖሮ ነገሩ ይገባኝ ነበር።

«ለዚህ ኮሮላ ቴርሞስታት ይኖርዎታል?» አልኳት።

በበሩ በኩል መኪናውን አየችው። ከዚያ እኔን። ዓይኗ ወዲያው እንባ ሞላ፤ አልደበቀችውም፣ በሻሿ ጫፍ ጠረገችው። እኔ በቀብሩ ቀን እንኳ ሰው ፊት አላለቀስኩም።

«የአሌ ሚስት» አለች። «ደግሞ እርስዎ ትዪኛለሽ? አንቺ በዪኝ እንጂ፣ አላረጀሁም።»

«ቴርሞስታቱ ካለ ይስጡኝ።»

ሣጥን ከፍታ መፈለግ ጀመረች። እየፈለገች አወራች። «ልመጣ ፈልጌ ነበር ወላሂ። እንዴት አድርገሽ ታዪኛለሽ ብዬ ፈራሁ። ያን ቀን እኮ ለእናቴ ብሎ...»

«አውቃለሁ» አልኩ።

እጇ ሣጥኑ ውስጥ ቀረ። «ታውቂያለሽ?»

«ነግሮኛል። ባለቤቴ ሁሉንም ይነግረኝ ነበር።»

«የደንገጎውን?»

«ያን ዕለት ማታ።»

የተገኘውን ቴርሞስታት በጨርቅ ወልውላ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

«ለማንም አልናገርም ብሎ ምሎልኝ ነበር» አለች፣ ለራሷ እንደምታወራ። ቀጥላም «ይሁን፤ ሚስት ነሽ» አለች።

ስለ እሱ ስታወራ ፊቷ ላይ የነበረው ብርሃን ሲጠፋ አየሁ። መኪናው ውስጥ ገብቼ እጄን መሪው ላይ ሳሳርፍ ደስታ ነበር የተሰማኝ። ዓለምሰገድ እሷ ዘንድ ካስቀመጠው ጥቂቱን ወስጄባታለሁ።

ሙስአብ ቴርሞስታቱን ገጠመ። መርፌው ከቤት ወጥቼ ብዙ ሳልርቅ ወደ መሐል ወጥቶ ቆመ። የሰኞው ሃያ ሊትር ዓርብ ከትምህርት ቤት መልሶ ቤቴ አስገባኝ። ርዕሰ መምህሩም ሦስተኛ ጊዜ አልጠራኝም።

ከወር በኋላ ዘይት ላስቀይር ስሄድ ሙስአብን እንደ ዋዛ «ደንገጎ ላይ የሆነውን ሱሀይራ ነግራህ ታውቃለች?» አልኩት።

«አንቺ እያለሽ እኔን ትጠይቂኛለሽ?» አለ። «አሌ ነግሮሽ የለም እንዴ? ሱሀይራ በጣም ነው የከፋት። ድሬ ውስጥ ቃሉን የሚጠብቅ አንድ ወንድ አውቃለሁ እያለች ባሏን ታሳፍር ነበር። አሁን እንዲያ ማለቱን ትታለች።»

ከጋራዡ በቀጥታ መጋላ ሄድኩ። የምናገረውን መንገድ ላይ አዘጋጀሁ፦ ዋሽቻለሁ፣ ምንም አልነገረኝም፣ መሐላውን ጠብቋል። ሱቁ በር ላይ ስደርስ ግን ያው አረፍተ ነገር ሌላ ሆኖ ተሰማኝ፦ ባሌ ላንቺ የማለውን እስኪሞት ከእኔ ደበቀ።

ሱሀይራ ተነሥታ ተቀበለችኝ።

«ምን ልስጥዎት?» አለች።

የዘይት ፊልትሮ አልኳት። መኪናው ላይ የዚያኑ ዕለት የተቀየረ ፊልትሮ ነበረኝ። ጠቅልላ ሰጠችኝ፤ አመስግኜ ወጣሁ። ያዘጋጀሁትን ቃል ይዤው ወደ ቤት ነዳሁ።

ደንገጎ ላይ የሆነውን ዛሬም አላውቅም፤ ያ ማክሰኞ የለኝም። በእኔ ውሸት ደግሞ ሱሀይራ ታምነው የነበረው ሰውም የለም።