የወርቂቱ ኩበት

ወንዳፍራሽ ክንዱን እስከ ክርኑ ክምሩ ውስጥ ሲሰድ ቅዝቃዜው ሆዱ ድረስ ተሰማው።

ክምሩ ያለው ናይሮቢ፣ ኢምባካሲ የሚባል ሰፈር ዳር፣ በታጠረ ግቢ ውስጥ ነው። ያረጁ የጦር ቦምቦች እዚያ ሲፈታቱ ባሩዳቸው አፈሩን በክሎታል፤ ዝናብ ሲያቁር ውሃው እንደ ሻይ ይቀላል፣ የጠጣችው ላም አታድርም። ወንዳፍራሽ በደርግ ጦር ውስጥ የጥይት ግምጃ ቤት ኃላፊ ነበር። ከድቶ ናይሮቢ ከገባ ወዲህ የግቢውን ሹም ሚስተር ኪፕሮኖን ለምኖ አንድ ሙከራ ተፈቀደለት፦ መርዘኛውን አፈር ከጭድና ከእበት ጋር መከመር። እበቱ ውስጥ ያሉት በዓይን የማይታዩ ተሕዋስያን ክምሩን እያሞቁ መርዙን ይበሉታል። ካልሞቀ ግን አፈሩ በሎሪ ተጭኖ ወንዝ ዳር ይደፋል። ከታች ደግሞ ሰው ውሃ ይቀዳል።

ከክምሩ አንድ ነገር መዝዞ አወጣ። ክብ፣ ደረቅ፣ የአምስት ጣት አሻራ ያለበት።

«ወርቂቱ!»

እበት አምጥታ ክምሩ ውስጥ እንድትቀላቅልለት ከጸሎት ቤት ያመጣት የወለጋ ሴት ናት።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ኩበት ነዋ ጋሼ። እንዴት ያለ ኩበት!»

«እኔ እበት ነው ያልኩሽ።»

«ታዲያ እርጥቡን ለሰው ይሰጡታል እንዴ? ለእርስዎ ብዬ ስጠፈጥፍ፣ በፀሐይ ሳገላብጥ አይደል የከረምኩት!»

ሊቆጣ አፉን ከፈተ፤ የተሰነጣጠቁ ጣቶቿን አየና መልሶ ዘጋው። እናቱም ብትሆን እርጥብ እበት ለጎረቤት አታቀብልም ነበር። ፀሐዩ ግን መርዝ በላተኞቹን ተሕዋስያን ፈጅቶበታል።

ሚስተር ኪፕሮኖ መጣና እጁን ሰደደ። «ባሪዲ» አለ፣ እጁን እያራገፈ፤ ቀዝቃዛ ነው ማለቱ ነው። «ማን ነው ያበላሸው?»

ወርቂቱ ኩበቱን ከጀርባዋ ደበቀች።

«እኔ ነኝ» አለ ወንዳፍራሽ። «እርጥብ ይሁን ብዬ አላዘዝኩም። ትንሽ ይታገሱኝ።»

ሹሙ ቁልቁል ወንዙን አየ። «ዓርብ ሎሪው ይመጣል» ብሎ ሄደ።

ወርቂቱ ከቄራ፣ ከታረደ ከብት ሆድ የወጣ ትኩስ ፈርስ በጆንያ አመጣች፤ ማታቱ በሚሉት ታክሲ ውስጥ የተሳፈረው ሁሉ አፍንጫውን ይዞ እየሰደባት።

«ጉድ አደረጉኝ ጋሼ! እሑድ ጸሎት ቤት ማን አጠገቤ ይቀመጣል?»

«እኔ እቀመጣለሁ። እኔስ መች ደህና እሸታለሁ?»

ክምሩን አፍርሰው ፈርሱን ቀላቀሉ፤ ውሃ አርከፍክፈው እንደገና ከመሩት።

ዓርብ ጠዋት ሎሪው በር ላይ ጡሩምባውን ሲነፋ ወንዳፍራሽ ክንዱን ሰደደ፤ ወዲያው መዥርጦ አወጣው። ያቃጥላል። ሚስተር ኪፕሮኖም ነካ አደረገና ለሾፌሩ እንዲመለስ በእጁ ምልክት ሰጠው።

ወርቂቱ እጆቿን እንፋሎቱ ላይ ዘርግታ ትሞቃለች።

«የኔም ኩበት እኮ» አለች፣ ኩርፊያዋ ገና ሳይለቃት፣ «ክብሪት ቢጭሩበት ይሞቅ ነበር።»

«ባሩድ ላይ?» አለ ወንዳፍራሽ፣ ሳቁ እያፈነው።