ስሙ ተይዟል

የትምህርት ቤታችን ላፕቶፖች መጀመሪያ የነበራቸው ቁጥር ብቻ ነበር። ልጆቹ ቁጥሩን እየረሱ አንዱ የሌላውን ሲከፍት፣ ኔትወርኩን የማስተዳድረው እኔም ማን የማንን እንደያዘ መለየት ሲያቅተኝ፣ «በቃ፣ ስም አውጡላቸው» አልኳቸው።

ትምህርት ቤቱ ያለው ሱዳን ውስጥ፣ ከገዳሪፍ ወጣ ብሎ ባለ የስደተኞች ካምፕ ነው። የኳስ ተጫዋች ስም ያወጣሉ ብዬ ነበር፤ እነሱ ግን ጥለውት የመጡትን አገር አወጡ። ራውያን፣ ሉግዲ፣ አዲ ረመጥ ስክሪኔ ላይ ተራ በተራ ብቅ ሲሉ፣ በእኔም፣ በአብደራፊው ልጅ፣ የታጨደ ሰሊጥ ሽታ አፍንጫዬ ላይ መጣብኝ። አቧራ ለብሰን፣ ትራክተር ተጎታች ላይ ተሳፍረን፣ እየዘፈንን ስንመለስ...

«ኡስታዝ ሶፎኒያስ ደግሞ በሐሳብ ሄደ! ያላ፣ መልሱት!» አለ ከተማሪዎቹ አንዱ ሃፍቱ፣ ወደ እኔ እየጠቆመ። መምህር የሆነን ሁሉ እንደ ሱዳኖቹ «ኡስታዝ» ነው የሚሉት።

ስም ሳታወጣ የቀረችው ናጽነት ብቻ ነበረች፤ የክፍሉ ታናሽ። ድንበሩን የተሻገረችው እናቷ ጀርባ ላይ ታዝላ ነው። ማንበብ የጀመረችው አሁን በያዘችው ላፕቶፕ ነው። የክፍሉ መምህር ኣረጋዊ ደግሞ «እስከ ምሳ ስም ያላወጣ ላፕቶፑን ለሌላው ክፍል ያስረክባል» ብለዋል።

«ሑመራ» ብላ ጻፈች። ኔትወርኩ አንድ ስም ለሁለት አይሰጥም። «ስሙ ተይዟል» አላት።

«ሑመራ የኔ ናት!» ሃፍቱ ዘሎ ተነሣ። «አንቺ መቼ አየሻት? እስቲ መናኸሪያዋ በየት በኩል ነው?»

«ተዋት እባክህ!» አለችው ፅገ። «አንተስ ከመናኸሪያው ሌላ ምን ታውቃለህ?»

ናጽነት አጠገብ ቁጭ አልኩ። «ካገር ቤት ምን ትዝ ይልሻል?»

«ምንም።» ከዚያ በሹክሹክታ፣ «ውሸት ልጻፍ?» አለችኝ።

እኔ ዓይኔን ስጨፍን የምሄድበት አገር አለኝ።

«እሺ፣ ከዚህ ብትሄጂስ? የቱ ይናፍቅሻል?»

አሰበች። ፊደሎቹን አንድ በአንድ እየፈለገች «ቦኖ» ብላ ጻፈች። ኔትወርኩ ተቀበላት።

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። «ቦኖ አገር ነው እንዴ? የውሃ ቧንቧ!»

«ወረፋ ስንጠብቅ እናቴ ጸጉሬን የምትሠራኝ እዚያ ነው» አለች፣ ቀና ሳትል።

ሳቁ በረድ አለ። ከኋላ የተቀመጠው ብርሁ ግን አላስቻለውም። «ቆይ፣ የትኛው ቦኖ? የታችኛው ከሆነ የኛ ሰፈር ነው!»

«ወላሂ የናንተ አይደለም! ቦኖው አጠገብ ያለው ዛፍ የኛ በር ላይ አይደል?» አለው ሃፍቱ።

«የቱ ዛፍ?» አለ ብርሁ።

ናጽነት ጆሮም አልሰጠቻቸው። ላፕቶፗ ላይ ትምህርቱን ከፍታ፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ማንበብ ጀምራለች።