ለአንድ ሌሊት ሁለት ሻንጣ

ሾፌሩ የሻንጣ ክብደት ለማወቅ ሚዛን አያስፈልገውም። ሃያ ሁለት ዓመት የረጅም መንገድ አውቶቡስ ሲነዳ የሰው ጓዝ ሲጭንና ሲያወርድ ነው የኖረው፤ ማን ልብስ፣ ማን መጽሐፍ፣ ማን ደግሞ ተደብቆ መጓዝ ያለበትን ነገር እንደያዘ ክንዱ ይነግረዋል። ስለዚህ ያን ቅዳሜ ጠዋት የወላጆቹን ሻንጣዎች ይዞ አርባ ሦስቱን ደረጃ ሲወርድ፣ ቀኝ ትከሻውን የሚገነጥለው ትልቁ ሻንጣ መሆኑን፣ በግራ እጁ ያንጠለጠላት ትንሿ ደግሞ ባዶዋን መሆኗን ገና ሦስተኛው ደረጃ ላይ አውቋል። አውቆም መውረዱን ቀጠለ። ከሁለት ቀን መንገድ የተመለሰው ትናንት ነው፤ ጀርባው ገና የአውቶቡሱን ወንበር ቅርጽ እንደያዘ ነበር። ስለ ሻንጣ የሚጨቃጨቅበት አቅም ከየት ያምጣ?

አባቱ በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ የወደቀው በዚሁ ደረጃ ነው። በሁለተኛው ዳሌው ተሰንጥቆ ስድስት ሳምንት ተኛ፤ ሐኪሙም ከእንግዲህ ደረጃ ያለበት ቤት የሚባል ነገር እንደማይታሰብ ቁርጡን ነገራቸው። ከዚያ ወዲህ ልጆቹ በስልክ ሲመክሩ ከረሙ። ታላቅ እህቱ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ናት፤ ታናሽ ወንድሙ የጥርስ ሐኪም። እህቱ ቤት ያለው ትርፍ ነገር አንድ አልጋ ነው። ወንድሙ ቤት ያለው ከክሊኒኩ ጀርባ አንዲት ጠባብ ክፍል ናት። እናት ወደ ዳይሬክተሯ፣ አባት ወደ ጥርስ ሐኪሙ እንዲሄዱ ተወሰነ። ሁለቱ ቤቶች በመኪና የሰባት ሰዓት መንገድ ይራራቃሉ። የሾፌሩን ቤት ማንም አላነሳም፤ እውነቱን ለመናገር እሱም አላነሳም። በሳምንት አምስት ቀን የማይገባበት ቤት ቤት ነው እንዴ?

ለእሱ የደረሰው ሌላ ሥራ ነው። ወላጆቹ የተጋቡበት ሃምሳኛ ዓመት በዚሁ ቅዳሜ ስለሚውል፣ ሐይቅ ዳር ባለ ሆቴል ይከበራል። ሁለቱ ልጆች በየመኪናቸው ቀድመው ይደርሳሉ፤ ሾፌሩ አባትና እናቱን ይዞ ይመጣል። እሁድ ከምሳ በኋላ አባት በአንደኛው መኪና፣ እናት በሌላኛው ይሄዳሉ። ይህን መንገድ ላይ የሚነግራቸው ደግሞ እሱ ነው።

"አንተን አይቆጡህም" አለችው ዳይሬክተሯ፣ ተማሪ ጠመኔ እንዲያመጣ እንደምትልክ ሁሉ። "ለየብቻ እንዲያሽጉም አስቀድመህ ንገራቸው።"

እሱም ሐሙስ ዕለት ከመንገድ ለእናቱ ደውሎ፣ "ሁለት ሻንጣ አድርጉት፣ ለመኪናው ይመቻል" አላት። ለመኪናው ምኑ እንደሚመች እሱም አያውቀውም።

መኪናዋ ከሥራ ባልደረባው የተዋሳት ትንሽ ነገር ናት። አባቱ ጋቢና ተቀመጠ፤ ዕድሜውን የአውቶቡስ መካኒክ ሆኖ ስለኖረ፣ ሞተር ሲነሳ ጆሮውን ዘንበል ማድረግ ልማዱ ነው። እናቱ ከኋላ ሆና ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አደረገች።

"እናትህን ጠይቃት" አለ አባቱ፣ ገና ከሰፈር ሳይወጡ። "መነጽሬን የት አደረገችው?"

"እሳቸውን ንገራቸው" አለች እናቱ፣ ከባሏ ጀርባ አንድ ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ ተቀምጣ። "ደረት ኪሳቸው ውስጥ ነው።"

ሾፌሩ በመስታወቱ አያት። እናቱ ባሏን አንቱ ማለት ከጀመረች ኩርፊያው የዋዛ አይደለም። በዕድሜው አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሰማው፤ አባቱ የልብስ ስፌት መኪናዋን ሳይጠይቃት ለጎረቤት ያዋሰ ጊዜ። ያኔ አንቱታው አሥራ አንድ ቀን ቆይቷል።

"አባዬ፣ ደረት ኪስህ ውስጥ ነው።"

"ሰምቻለሁ።"

"ከሰማህ ታዲያ እኔን ምን አደከመህ?"

"አመሰግናለሁ በልልኝ" አለ አባቱ፣ መነጽሩን እያወጣ።

እንዲህ እየተባባሉ ከተማውን ለቀቁ። አባቱ ፍሪሲዮኑን እንዳያቃጥል ይመክረዋል፤ እግረ መንገዱንም፣ "እናትህን ንገራት፣ መስኮቱን ትዝጋው፣ ጆሮዋን ያማታል" ይላል። እናቱ ጆሮው የራሷ እንደሆነ እንዲነገራቸው ታዛለች። አምስት ደቂቃ ቆይታ፣ ማንም እንዳላየ ሁሉ፣ መስኮቱን ትዘጋዋለች። ሾፌሩ መሪውን ይዞ ያስተረጉማል። የረጅም መንገድ ሥራውን የሚወደው ሰባት ሰዓት ሙሉ ማንም ምንም ስለማይጠይቀው ነው። የስምሪት ኃላፊው ሁለት ጊዜ የከተማ መስመር እንዲገባ ለምኖት፣ "እሱ መንዳት አይደለም፣ በር መክፈትና መዝጋት ነው" ብሎ ስቆበት ነበር።

ነዳጅ ማደያው ጋ ሲቆሙ ሊነግራቸው አሰበ። ነገሩ አፉ ላይ ደርሶ ተመለሰ። ከድልድዩ ወዲያ፣ መንገዱ ቀጥ ሲል፣ ጉሮሮውን ጠረገ፤ አባቱ ሳል የያዘው መስሎት ከረሜላ ሰጠው። ከረሜላውን እየመጠጠ፣ የደከመው ሰው የሚያስበውን አሰበ። ምናልባት እህቱ ልክ ናት። እንዲህ በአስተርጓሚ የሚነጋገሩ ሰዎች ቢለያዩ ለእነሱም ዕረፍት ሊሆን ይችላል። ሐሳቡ ለትንሽ ጊዜ አሳረፈው፤ ከዚያ አፈረበት።

እኩለ መንገድ ላይ አንዲት ሻይ ቤት ቆሙ። አባቱ ከዘራውን ይዞ ወደ መጸዳጃ ቤቱ አመራ። ከበሩ በፊት ሦስት ደረጃ አለ። እናቱ ወሬዋን አቋርጣ ከወንበሯ ብድግ አለች፤ አንዱን ወጣ፣ ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን። በሩ ሲዘጋ ነው የተቀመጠችው።

"እማዬ" አለ ሾፌሩ፣ አሁን ካልነገራት መቼም እንደማይነግራት ገብቶት። "አንድ ነገር ልነግርሽ ነበር።"

"ትንሿ ሻንጣ ባዶ ናት።"

"አውቃለሁ።"

"ሃምሳ ዓመት በአንድ ሻንጣ ነው የሄድነው። አንተን ልወልድ ሆስፒታል ስገባ እንኳን የሱ ሸሚዝ አብሮ ነበር። ለአንድ ሌሊት ሁለት ሻንጣ አድርጉ ስትለኝ፣ ጅል መሰልኩህ? ስልኩን ሳልዘጋው ገባኝ።"

ሾፌሩ ሲፈራው የሰነበተውን ነገር ሐሙስ ዕለት ራሱ ነግሯት ኖሯል።

"በእናንተስ አልተናደድኩም" አለች እናቱ፣ የሻይ ማንኪያውን ያለ ሥራው እያማሰለች። "ልጅ የመሰለውን ያደርጋል። ሄጄ ለአባትህ ነገርኩት። ምን ያለኝ ይመስልሃል? 'አውቃለሁ' አለኝ። ሆስፒታል ኮሪደር ላይ እህትህና ወንድምህ ሲመክሩ ሰምቷቸው፣ ሁለት ወር በሆዱ ይዞት ከርሟል። ከዚያ 'ይሁን እንግዲህ፣ ልጆቹ ላይ አንክበድባቸው' አለኝና፣ በዚያ ዳሌው ወንበር ላይ ወጥቶ ትንሿን ሻንጣ ከቁም ሳጥኑ አናት አወረደልኝ። አቧራዋን ጠርጎ አጠገቤ አስቀመጣት።" ማንኪያውን አስቀመጠችው። "እምቢ ይላል ብዬ ነበር። ለወጉ እንኳን አንድ ጊዜ እምቢ አይልም?"

ሾፌሩን አንጀቱን በላችው፤ ግን ምን ቢላት ከአፉ የሚወጣው የእህቱ ቃል መሰለው። አባቱ ሲመለስ እናቱ ፊቷን ወደ መንገዱ አዞረች።

"እሳቸውን ንገራቸው፣ ሻዩ ሳይቀዘቅዝ ይጠጡት።"

እንዳይቀዘቅዝ ግን ብርጭቆውን በማስቀመጫው የከደነችው እሷው ናት።

መንገድ ከቀጠሉ በኋላ እናቱ ራሷን ወንበሩ ላይ አስደግፋ ዓይኗን ጨፈነች። አባቱ ብዙ ኪሎ ሜትር የሞተሩን ድምፅ ብቻ ሲያዳምጥ ቆየ።

"ነገረችህ አይደል?" አለ በመጨረሻ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

"ነገረችኝ።"

"እኔ እምቢ ብል ምን አመጣለሁ? ደረጃው ላይ የወደቅኩት እኔ ነኝ።" ጉልበቱን አሻሸ። "እናትህ ከወደቅኩ ጀምሮ ተኝታ አታውቅም። ሌሊት እየተነሳች መተንፈሴን ታዳምጣለች። እንቅልፍ የወሰደኝ መስዬ እተኛላታለሁ፤ እሷ ግን አትተኛም። ሰውነቷ አልቋል። እህትህ ጋ ብትሄድ እንቅልፏን ትተኛ ይሆናል ብዬ ነው። ሻንጣውን ሳወርድ እኔ ደስ ብሎኝ መሰላት?"

"ይሄን ነግረሃታል?"

"አንቱ የምትለኝን ሴት ምን ብዬ ልንገራት? አንተ ንገርልኝ።"

"ይሄን እንኳን ራስህ ንገራት፣ አባዬ" አለ ሾፌሩ። "ከጠዋት ጀምሮ ሳመላልስ ደክሞኛል።"

በመስታወቱ ወደ ኋላ አየ። የእናቱ ዓይን እንደተጨፈነ ነው። የተኛ ሰው ግን እንደዚያ ከንፈሩን አይነክስም።

ሆቴሉ ግቢ ሲደርሱ ስምንት ሰዓት አልፏል። የእህቱና የወንድሙ መኪናዎች ጎን ለጎን ቆመዋል፤ ሁለቱም ታጥበዋል። ሰላምታው ረዘም አለ። ዳይሬክተሯ ኬኩ ውስጥ እንደሚጠብቃቸው ነገረቻቸውና፣ ሾፌሩን ክንዱን ይዛ ፈንጠር አደረገችው።

"ነገርካቸው?"

"ያውቃሉ።"

"ምን አሉ?"

እሱ መልስ ሳይሰጣት፣ ጥርስ ሐኪሙ እነሱ የመጡባትን መኪና ኋላ ከፍቶ፣ "የአባዬ የትኛው ነው? ትንሿ ናት?" ብሎ ብድግ ሲያደርጋት ወደ ኋላው ሊንጋለል ደረሰ። "ባዶ ናት እኮ" አለ፣ እየነቀነቃት።

አባቱ ከዘራውን ተደግፎ ወደ ሐይቁ ያያል። እናቱ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ ይዛለች።

"ችግር የለም፣ እዚሁ እንለየዋለን" አለች ዳይሬክተሯ። እሷ ችግር ሲገጥማት እጇን ሰብስባ የማትቆም ሴት ናት። ትልቁን ሻንጣ እዚያው መኪናዋ ውስጥ እንዳለ ዚፑን ከፈተችው። የአባቷን ሸሚዝ ስትስብ የእናቷ ቀሚስ ተከትሎ ወጣ፤ ሸሚዙ እንዳይጨማደድ ቀሚሱ ውስጥ ተጠቅልሏል። ሌላውም እንደዚያው ነው። የአባቷ ካልሲዎች የእናቷ ጫማ ውስጥ ናቸው፤ መድኃኒቱ ከመርፌና ክሯ ጋር አንድ ከረጢት ውስጥ ታስሯል። ዳይሬክተሯ ሁለት ሸሚዝ ለየች፤ ሦስተኛው ላይ እጇ ቆመ። ሸሚዙን እንደያዘች መኪናዋ ጫፍ ላይ ቁጭ አለች።

"እኔ ምን ላድርግ?" አለች ድምፅዋ ተሰብሮ። "አልጋው አንድ ነው። ክፉ ሰው ሆኜ ነው እንዴ?"

ማንም ክፉ ናት አላለም። እሷም ከሁሉም እኩል ደክሟታል፤ ሾፌሩ ይህን ያየው ያን ጊዜ ነው።

"እኔ ጋ ይሄዳሉ" አለ።

"አንተ መቼ ቤት ትገኛለህና?"

"የከተማ መስመር እገባለሁ። በየቀኑ ማታ እመለሳለሁ። ሁለት ክፍል ነው፤ መናኸሪያ አጠገብ ስለሆነ ጭስ አለው፣ ደረጃ ግን የለውም።"

ጥርስ ሐኪሙ ሊስቅ ብሎ የወንድሙን ፊት ሲያይ ተወው። ቤተሰቡ ውስጥ ሾፌሩ ስለ ከተማ መስመር የሚለውን ያልሰማ የለም። እሱም ቃሉ ከአፉ ከወጣ በኋላ ነው የገባው፤ ረጅሙ መንገድ፣ ንጋት ላይ ባዶ የሆነው አስፋልት፣ ማንም የማይጠይቀው ሰባት ሰዓት፣ ሁሉም አብሮ መሄዱ ነው። ቃሉን ግን አላጠፈም።

እናቱ ከሐሙስ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ወደ ባሏ ዞረች።

"ይሄን ልጅህን ጠይቀው" አለችው። "ከልቡ ነው ወይስ ደክሞት ነው?"

አባቱን አንተ መባሉ አላመለጠውም። መነጽሩን አስተካክሎ ወደ ልጁ ዞረ።

"እናትህ ትጠይቃለች። ከልብህ ነው ወይስ ደክሞህ ነው?"

"ሁለቱም ነው በላት" አለ ሾፌሩ።

"ሁለቱም ነው ይላል።"

"ሰምቻለሁ" አለች እናቱ። ጎንበስ ብላ ሸሚዙን ከሴት ልጇ እጅ ተቀበለችና፣ ወደ ቀሚሷ መልሳ መጠቅለል ጀመረች።