የዶክተር ወንድይራድ አያት

ዶክተር ወንድይራድ ጀምበሬ የተወለደው ባለፈው ጥር ነው፤ ሲወለድም ዶክተር ነበር። የወለደችው ውብርስት የምትባል የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ናት። ስለ ጣና ታንኳ ሠሪዎች የመመረቂያ ጽሑፍ ስታዘጋጅ አማካሪዋ «የአገር ልጅ ጥናት የት አለ?» አሏት። እሷም ስልኳ ላይ ያለውን ሰው ሠራሽ አስተውሎት አንድ ኢትዮጵያዊ ምሁር አምጣልኝ አለችው። ወዲያው አመጣላት፤ ስም፣ የአባት ስም፣ የጥናት ርዕስ፣ ከገጽ አርባ አንድ እስከ ሃምሳ ስምንት። ቤተ መጻሕፍት ሄዳ ልታመሳክር አስባ ነበር። ስንፍና ሰበብ አያጣምና ያን ቀን የጸጉር ቀጠሮ ነበራት።

ጽሑፏን ፈታኞች ፊት የምታቀርብበት ዲፌንስ ሳምንት ሲቀረው የግቢው ዘበኛ ደወለላት።

«እንግዳ አለሽ። መታወቂያ የለውም፤ አላስገባሁትም።»

በር ላይ ግራጫ ሱፍ የለበሰ ጎልማሳ ቆሟል። ጎንበስ ብሎ ሰላም አላት።

«ወንድይራድ ነኝ። ጠቅሰሽኛል።»

ፊቷ በርበሬ መሰለ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች።

«ደኅና ነዎት?» አለችው፣ ሌላ የምትለው ስላጣች።

«እግዜር ይመስገን። ቀበሌ ሄጄ ነበር፤ ያለ አያት ስም መታወቂያ አይሰጥም አሉኝ። አያቴ ማን ይባላሉ?»

«እኔ እንጃ።»

«ከአንቺ በቀር የሚያውቀኝ የለም እኮ።»

ይህን ያለው ሳይወቅሳት ነው። ቢቆጣት ይሻላት ነበር። ዘወር ብላ ስልኳን ጠየቀችው፤ ስልኩም ሳያመነታ መለሰ። የዶክተር ወንድይራድ አያት አቶ ድንበሩ ይባላሉ፤ የሰማንያ ስድስት ዓመት አዛውንት ናቸው፤ የልጅ ልጃቸውን እጅግ ይወዳሉ። ካልተስማሙዎት ሌሎች ሦስት አያቶች ላቀርብልዎ እችላለሁ።

«ድንበሩ» አለችው። አመስግኗት ሄደ። መታወቂያውንም ሳይሰጡት አልቀሩም።

የዲፌንሱ ዕለት ዶክተር ወንድይራድና አያቱ መጥተው የፊተኛው ረድፍ ላይ ተቀመጡ። አቶ ድንበሩ ጋቢ ደርበዋል። ዐይናቸው ስለደከመ በግራ እጃቸው የልጅ ልጃቸውን ክንድ ይዘዋል። ውብርስት ስትናገር አንድ ቃል እንዳያመልጣቸው አንገታቸውን ሰገግ አድርገው ያዳምጡ ነበር። ምሁር ዘመድ ያለው ሰው እንዲህ ነው።

አቅርባ ስትጨርስ ዶክተር ምንታምር የሚባሉት ሴት ፈታኝ መነጽራቸውን አወለቁ።

«የወንድይራድን ጥናት ፈልጌ አጣሁት። አንብበሽዋል?»

ውሸቱ ከንፈሯ ላይ ደርሶ ነበር። አዎ ብትል ሰውየው እዚያው ተቀምጧል፤ ይመሰክርላታል። ዲግሪዋም ይተርፋል። ቀና ብላ አየችው። እሱም የዳኛ ፍርድ እንደሚጠብቅ ሰው ተመለከታት።

«አላነበብኩትም» አለች። «እንዲህ የሚባል ጥናት የለም። ሰውየውም የለም። ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሰጠኝን ሳላጣራ ነው የጻፍኩት። አፍሬያለሁ።»

ዶክተር ወንድይራድ ልክ ነሽ በሚል አኳኋን ራሱን ነቀነቀ።

«እንግዲያው አውጪው» አሉ ፈታኟ።

ላፕቶፑን ከፍታ ስሙን ከጽሑፉ አጠፋችው። ወንበሩ ባዶ ሆነ። አቶ ድንበሩ ግን ጽሑፉ ውስጥ ስላልነበሩ አልጠፉም።

«ወንዴ?» አሉ አዛውንቱ።

ፈታኞቹ እርስ በርስ ተያዩ። ሰብሳቢው ሸምገል ያሉ፣ የአገር ወግ የሚያውቁ ሰው ናቸው። ውብርስትን ወደ ጎን ጠርተው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«መርዶ በጠራራ ፀሐይ አይነገርም፤ አንድ ሰው ብቻውንም አይነግርም። ነገ ማለዳ ሰብሰብ ብለን እንነግራቸዋለን። እስከዚያ አንቺ ጋ ይሁኑ።»

«እሺ» አለች።

ከዚያ ውጤቷ ተነበበ። ከእርማት ጋር አልፋለች። ማንም አላጨበጨበም፤ እሷም ደስ አላላትም። ሰው ሁሉ ከወጣ በኋላ ሄዳ በአቶ ድንበሩ ቀኝ ተቀመጠች። በግራቸው በኩል መቀመጥ አልደፈረችም።

«ልጁ ወዴት ሄደ፣ ልጄ?»

«ውጭ ወጥቶ ነው፤ ይመጣል።»

ይህን ውሸት ከማንም ጠይቃ አላመጣችውም። እፍረቱ ከቅድሙ ባሰባት።

አቶ ድንበሩ አመኗት። ግራ እጃቸው ከባዶው ወንበር በላይ ክንድ እንደጨበጠ ነው። ጣቶቻቸው አንዳንዴ ላላ፣ አንዳንዴ ጠበቅ ይላሉ።