ትንሿ ቱርቦ

«ቁልፉን ነቅሎት እንኳ አልጠፋም አሉ» አለች ከድንኳኑ ጥግ አንዲት ለቅሶ ደራሽ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። አጠገቧ ያለችው አማተበች።

እንድሪያስ ሰምቶ አንገቱን ደፋ። ቡሬ ላይ ጋራዥ ያለው መካኒክ ነው፤ ከሟቹ ከስመኘው ጋር አበልጅ ናቸው፣ የስመኘውን ልጅ ሜላትን ክርስትና ያነሣት እሱ ነው። ከቀብሩ ወዲህ የሚሰማው ይህንኑ ብቻ ነው። መኪናው ጋኔን ገብቶበት ነበር፤ ስመኘው ዳር አቁሞ ቁልፉን ቢነቅልም ሞተሩ እየባሰበት ሄደ፤ ኮፈኑን ከፍቶ ሲያጎነብስ ፈነዳና ብረቱ ደረቱን መታው። ሁሉም እውነት ነው። ጋኔኑ ብቻ ውሸት ነው፤ ይህን ደግሞ ከእንድሪያስ በቀር የሚያውቅ የለም።

የሟቹ ባለቤት ሀብትነሽ መሬት ተቀምጣለች። የደረበችው የስመኘውን ጋቢ ነው፤ ያን ዕለት ከሾፌሩ ወንበር ላይ እንደተጣጠፈ የተገኘውን። እንድሪያስ ፊቷን ማየት አላቃተውም። ያን ጋቢ ማየት ግን አልቻለም።

ነገሩ የጀመረው ታኅሣሥ ላይ፣ እህል አውድማ ላይ ሳለ ነው። ስመኘውና ወንድሙ ደጀኔ እህል ወደ ፍኖተ ሰላም የሚያመላልሱባቸው ሁለት አሮጌ ፒካፖች ሞተራቸው ደክሞ፣ እንድሪያስ ባለአራት ሲሊንደር የናፍጣ ሞተር ቀየረላቸው። የቀረው ቱርቦው ነበር። ቱርቦ የሞተር ወናፍ ነው፤ በሞተሩ ጭስ እየተሽከረከረ አየር ይነፋለታል። ትልቅ ሲሆን ዳገት ላይ ይዘገያል። ትንሽ ሲሆን ቶሎ ይነሣል፣ ግን አየሩ በሳሳበት ደጋ ከአቅሙ በላይ ይሽከረከራል። ለዚያ ሞተር የሚስማማው መካከለኛው ነበር፤ እሱ ግን ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ወር ይፈጃል። እንድሪያስ እጅ ላይ የነበሩት ሁለት ትንንሾች ናቸው።

ስመኘው አንዷን አንሥቶ በመዳፉ መዘናት።

«ይህቺ ትችላለች?»

«ትችላለች» አለ እንድሪያስ።

ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም። የቱርቦዋ ዘይት ማገጃ በመሽከርከር ብዛት ከተበላሸ ሞተሩ የራሱን ዘይት መጠጣት እንደሚጀምር፣ ያኔ ቁልፍ እንደማይሰማ፣ መድኃኒቱ የአየር መሳቢያውን በጨርቅ መድፈን ብቻ እንደሆነ ጠንቅቆ ያውቃል። ግን ይህን መንገር የማይስማማ ዕቃ ገጠምኩልህ ማለት ሆነበት። ከአበልጁ ፊት ማነስ አልፈለገም። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ብሎ ዝም አለ፤ ሁለቱን ትንንሾች በሁለቱ ወንድማማቾች መኪኖች ላይ ገጠማቸው።

አሁን ሰልስቱ ደርሷል። የደጀኔ መኪና ከድንኳኑ ፊት ቆሟል፤ ከሩቅ የመጡትን ዘመዶች ወደየቤታቸው ሊመልስ ነው። ትናንት ሲገባ እንድሪያስ ከኋላው ሰማያዊ ጭስ አይቷል፣ ቀጭን ፉጨትም ሰምቷል። ለደጀኔ ሊነግረው ሦስት ጊዜ ተነሣ። ሦስቱንም ጊዜ አዲስ ለቅሶ ደራሽ እየገባ እግዜር ያጥናችሁ ሲል ተመልሶ ተቀመጠ። ሰበብ ማግኘቱ ደስ እንዳሰኘው ለራሱም ሳይታወቀው አልቀረም።

የነፍስ አባታቸው አባ ገብረ ኢየሱስ መኪናውን ጠበል ከረጩ በኋላ ወደ እሱ ዘወር አሉ።

«እኔ የማውቀውን አድርጌያለሁ ልጄ። የብረቱን የምታውቅ አንተ ነህ። አይተኸዋል?»

ሰው ሁሉ ያየው ነበር። ሀብትነሽም ቀና አለች።

«አይቼዋለሁ አባ» አላቸው።

ሳይቃጠል በቅጠል ይባላል፤ እሱ ቅጠሉን በእጁ ይዞ ቆመ። አሮጊቶቹ ተደጋግፈው ተሳፈሩ። ሜላትም ከአያቷ ጭን ላይ ተቀመጠች። ደጀኔ ሞተሩን አስነሣው።

መጀመሪያ ደህና ነበር። ከዚያ ፉጨቱ ቀጠነ፤ ማንም ነዳጅ ሳይሰጠው ሞተሩ ከፍ፣ ደግሞ ከፍ አለ፤ ሰማያዊ ጭስ ድንኳኑን ሞላው። ደጀኔ ቁልፉን ነቀለ። ሞተሩ አልሰማም። ደጀኔ የተነቀለውን ቁልፍ በእጁ እንደያዘ እንድሪያስን አየው።

እንድሪያስ ጋቢውን ከሀብትነሽ ትከሻ ላይ ነጥቆ ሮጠ። ኮፈኑን ከፈተ፤ የአየር ቱቦውን በጥሶ ጋቢውን አፉ ላይ ወተፈው፤ በሁለት እጁ ተጫነው። ሞተሩ ጋቢውን ወደ ውስጥ ሳበ፣ አነቀው፣ ተንዘፈዘፈ፣ ጠፋ።

ሀብትነሽ መጥታ አጠገቡ ቆመች።

«በጋቢ ይቆም ኖሯል?»

«አዎ።»

«እሱ ያውቅ ነበር?»

«አልነገርኩትም» አለ እንድሪያስ። «የማትሆነዋን የገጠምኩለትም እያወቅሁ ነው።»

ደጀኔ ከመኪናው ወርዶ ወደ እሱ መጣ። አባ ገብረ ኢየሱስ ክንዱን ያዙት።

ሀብትነሽ አልጮኸችም። ጋቢውን ከቱቦው ጎትታ አወጣችው፤ መሀሉ በዘይት ጠቁሯል። አራገፈችው። ጫፍና ጫፉን ገጥማ እንደ ድሮው አጣጠፈችው። ከዚያ የመኪናውን በር ከፍታ፣ ከሾፌሩ ወንበር ላይ፣ እጅ ከሚደርስበት ቦታ አስቀመጠችው።