ባዶ የመሰለው ካሴት

«መደርደሪያው የታል?» አለች ዘርፉ።

ለቀስተኛው ሁሉ ዞሮ አያት። ባሏን ገርባን ከቀበረች ገና ሦስተኛ ቀኗ ነው። ድምፅዋ ከጩኸት ብዛት ተዘግቷል፣ ዓይኗ አብጧል፤ ከጓዳ ወጥታ ሳሎኑ በር ላይ ቆማ የምትጠይቀው ግን ስለ መደርደሪያ ነው። «ምስኪን፣ ሐዘኑ አናቷ ላይ ወጣ» ብለው የተንሾካሾኩ አልጠፉም።

«ጓሮ አውጥተነዋል እኮ፣ ለሰው መቀመጫ ጠበበ ብለን» አለች ጎረቤቷ መሰለች፣ ስኒ እየሰበሰበች።

«በላዩ የነበሩት ካሴቶችስ?»

«አይዞሽ፣ አንድም አልጠፋም። ማዳበሪያ ውስጥ ከተናቸዋል።»

ማዳበሪያ! ዘርፉ ግንባሯን ያዘች። እንግዲህ ማንን ትቆጣ? ሴቶቹ ደግ ሠራን ብለው ነው። ያ ባሏ እንደሆነ አንዱም ካሴት ላይ አንዲት ፊደል አልጻፈም። የትኛው ዘፈን የት እንዳለ የሚያውቀው በአደራደሩ ነበር፤ ዓይኑን ጨፍኖ እጁን ይሰድና የፈለገውን ያወጣል። ስንቴ «ጻፍበት» ብላዋለች! «እኔ እያለሁ ምን ጽሕፈት ያስፈልገዋል?» ነበር መልሱ። አሁን እሱ የለም፤ ካሴቶቹም እንደ ድንች ማዳበሪያ ውስጥ ተዘርግፈዋል።

ገርባ ናዝሬት ባቡር ጣቢያ ትኬት ቆራጭ ነበር። መንገደኛ ቢሰድበው እንኳ ፈገግ ብሎ የሚያልፍ ሰው ነው። ቤቱ ሲገባና ማጫወቻው ላይ የዘፈን ሸክላ ሲያስቀምጥ ግን ሌላ ፍጥረት ይሆናል። ከወጣትነቱ ጀምሮ ያጠራቀመው ሸክላ ቁም ሳጥኑን ሞልቶ አልጋ ሥር ገብቶ ነበር። ኋላ የማጫወቻው መርፌ ከገበያ ጠፋ። ናዝሬትን ዞረ፣ አዲስ አበባ ላከ፤ የት ይገኝ! እጁ ላይ የቀሩት መርፌዎች ሳያልቁ ሁሉንም ወደ ካሴት ልገልብጥ ብሎ ተነሳ።

መገልበጡ ነው ዘርፉን ያንገበገባት። ገመድ የለ፣ ምን የለ፤ ማይክሮፎኑን ድምፅ ማጉያው ፊት ይደቅናል፤ ከዚያ በኋላ እቤት ውስጥ ትንፍሽ የለም። እሑድ ከሰዓት በኋላ ዘርፉ በገዛ ቤቷ እንደ ሌባ በእግሯ ጣት ትሄዳለች። አትወቅጥም፣ አትከድንም፣ አታስልም። ጭልፋ ብታስቀምጥ «ሽ!» የጎረቤት ዶሮ ከጮኸ ሸክላው እንደገና ከመጀመሪያው። እሷንም ዶሮውንም እኩል ይቆጣቸዋል። አንድ ሸክላ ተገልብጦ ሲያልቅ ዝዋይ ላለ ቡና ቤት ይሰጠዋል፤ ካሴቱ ሲሞላ ደግሞ የዘርፉን መርፌ ቁልፍ ከነጠላዋ ይነቅልና ከካሴቱ ጀርባ ያሉትን ሁለት የፕላስቲክ ጥርሶች ይሰብራል። ጥርሱ የተሰበረ ካሴት ላይ ማንም ሌላ ነገር ሊቀዳበት አይችልም።

ከመታመሙ በፊት በነበረው እሑድ የመጨረሻው መርፌ ላይ ደርሰው ነበር፤ ካሴቱም ገና አዲስ ነው። ዘፈኑ ገና ከመጀመሩ ወጡ አረረባትና ዘርፉ ራሷን ረስታ «ኧረ በሞትኩት! በአንተ ሽ ሽ ወጤ አረረ!» ብላ ጮኸች። ወዲያው አፏን ያዘች። አሁን ሊገድለኝ ነው አለች። እሱ መርፌውን አየ፣ እሷን አየ፣ ከዚያ ከት ብሎ ሳቀ። «ይግባ!» አለ። «መርፌው ለሁለተኛ ዙር አይበቃም። ያንቺም ድምፅ ይግባ!»

ያ ካሴት ግማሽ ፊቱ ብቻ ተሞልቶ፣ ጥርሱ ሳይሰበር ቀረ። ዘርፉ የምትፈልገው እሱን ነው። ሌላው ሁሉ ቢቀር ግድ የላትም፤ ያቺን ሳቅ ግን ትፈልጋለች።

ጓሮ ወጥታ ማዳበሪያውን ዘረገፈችው። እያንዳንዱን እያነሳች ጀርባውን በጣቷ ትዳስሳለች። የተሰበረ። የተሰበረ። ይሄም የተሰበረ። ጥርስ ያለው አንድ እንኳ ጠፋ።

«ምን ትፈልጊያለሽ ዘርፌ?» አለ ፈይሳ ከኋላዋ። የገርባ ታላቅ ወንድም ነው፤ ለቀብሩ ከዝዋይ መጥቶ ከዚያ ወዲህ ከቤቱ አልተለየም።

«አንድ ካሴት ጋሼ። ጥርሱ ያልተሰበረ።»

«ባዶውን ነው?» ከኮቱ ኪስ አንድ ካሴት አወጣ። «ለባጫ ለቅሶውን ቀዳሁበት፣ የቀብሩ ዕለት። ሌሎቹን ብሞክር ቁልፉ አልጫን አለኝ፤ ይሄ ተቀበለኝ። ምንም አልተጻፈበትም።»

ባጫ የሁለቱ ታናሽ ነው፤ አሰብ ጦር ሰፈር ወታደር ነው፤ ለወንድሙ ቀብር ፈቃድ አላገኘም። ካሴቱን የሚያደርስለት ሾፌር መሐመድዘይን ወደ አሰብ ሊነሳ መኪናውን አስነስቶ ደጅ ቆሟል።

«ጋሼ ፈይሳ! ምን አደረጉኝ! አጠፉብኝ!»

«ምኑን?»

«ገርባን ነዋ!»

ሽማግሌው ካሴቱን አገላብጦ አየው። ዘርፉ ነገረችው፤ ስለ መርፌው፣ ስላረረው ወጥ፣ ስለ ሳቁ። «ባዶ መስሎኝ ልጄ» አለ በመጨረሻ። «ምንም አልተጻፈበትማ!» እውነቱን ነው። ንዴቷ ሁሉ ወደ ሟቹ ዞረ። «ጻፍበት አላልኩህም? ስንቴ ነገርኩህ አንተ ሰው?»

ካሴቱን ከእጁ ወስዳ፣ ቴፑን ይዛ ማድ ቤት ገባች። ፈይሳ ተከተላት፤ መሰለችም ከኋላ መጣች። «ኧረ ዘርፍዬ፣ በሐዘን ቤት ቴፕ? ሰው ምን ይላል?»

«ያለውን ይበል!»

ድምፁን ቀንሳ ከፈተችው። ለቅሶው ነው። ፈይሳ «ያ ኦቦሌሳ ኮ!» እያለ በኦሮምኛ ወንድሙን ይጠራል። አስለቃሿ ትገጥማለች፣ ሰው ይቀበላል። ወጡ ያረረበት ቦታ አልፏል፣ ሳቁም አልፏል፤ በላዩ ላይ ደረት ይመታበታል። ከዚያ የራሷ ድምፅ መጣ፤ «ገርባዬ! ለማን ጥለኸኝ ነው? ለማን…»

ቋ! ለቅሶው እዚያ ላይ ተቆረጠ። የመርፌ መፋጨት ተሰማ፣ ከዚያ ክራር፣ ከዚያ አንድ ክዳን መሬት ላይ ተንኳኳ።

«ሽ! ዘርፉ! ዝም በይ እንጂ!»

ዝም አለች። ሦስት ቀን ሙሉ ማንም ዝም ያላሰኛት ሴት እጇን አፏ ላይ ጭና ዝም አለች። ዘፈኑ ትንሽ ሄዶ አለቀ። ፈይሳ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ደጅ የመኪና ጥሩምባ ጮኸ።

«ይቅር» አለ ፈይሳ። «አንቺ ጋ ይቀመጥ። ባጫ ከሰው ይስማ።»

ዘርፉ ካሴቱን አውጥታ ያዘችው። ልቧ አልለቅም አላት። መንገድ ላይ ቢጠፋስ? ግን ባጫም ወንድሙን ነው ያጣው፤ አፈር እንኳ አላለበሰውም።

«ይሂድ» አለች። «ግን አደራ፣ ይመለስልኝ። ደግሞ ለቅሶው ሲያልቅ ቴፑን ቶሎ እንዳይዘጋው ንገሩልኝ። ትንሽ ይጠብቅ።»

ፈይሳ እጁን ዘረጋ። እሷ ግን ገና አልሰጠችውም። ጥቁር ነጠላዋን አንገቷ ሥር የያዘውን መርፌ ቁልፍ ነቀለች፤ ነጠላው ከትከሻዋ ወረደ። በሹሉ የካሴቱን አንዱን ጥርስ ሰበረች፣ ቀጥላም ሌላውን፤ ከዚያ ሰጠችው።