በአሸብር ቤት ያልሰማሁት ድምፅ

ጉራ ሽታ ቢኖረው ኖሮ አሸብር ሳሎን ውስጥ አፍንጫዬን ሳልይዝ አልቀመጥም ነበር። ሰውየው ክፉ አይደለም። ሱዳን ስደተኛ ካምፕ ሳለን አንድ ብርድ ልብስ ለሁለት ለብሰን ያደርን ሰዎች ነን። ግን አትላንታ ብሩክሄቨን የሚባል ሰፈር ላይ ቤት ከገዛ ወዲህ እንግዳ ሲመጣ ከምሳው በፊት የሚያቀርበው ስፒከሮቹን ሆነ። ቁመታቸው የሰው ደረት ይደርሳል። ሶፋው ከግድግዳ ተነቅሎ ሳሎኑ መሀል ተቀምጧል፤ ድምፁ የሚገናኘው እዚያ ነው ይላል። ሚስቱ ብዙነሽ ከኩሽና ትሪ ይዛ ስትመጣ ሶፋውን እንደ አደባባይ ዞራ ነው ጠረጴዛው ጋ የምትደርሰው።

እኔ ንዋይ እባላለሁ። ሰው ግን «ንዋይ ጆሮ» ይለኛል። አዲስ አበባ እያለሁ ካሴት ቤት ነበረኝ። አትላንታ ከመጣሁም በኋላ የማንም ሠርግ ላይ ማይክ ሲጮህ፣ የማንም ቤት ቤዙ፣ ወፍራሙ ድምፅ፣ ጎረቤት ሲያስቀይም የሚደወለው ለእኔ ነው። ትንሽ አዳምጬ «ይሄን ዝቅ፣ ያንን ከፍ» እላለሁ፣ ነገሩ ይስተካከላል። እንጀራዬ ሻንጣ መጫን ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት አውሮፕላን ሥር ቆሜያለሁ። እኔ ሰፈር፣ ኢስት ፖይንት ላይ ድንጋይ ብትወረውር ሻንጣ ጫኝ ነው የምትመታው፤ ጆሮ ግን እኔ ብቻ ነኝ። ይቺ ስም ከሄደች ሌላ የምጠራበት ነገር የለኝም።

መሥሪያ ቤታችን በየዓመቱ ጆሯችንን ያስመረምራል። የዛሬ ሁለት ዓመት መርማሪዋ ወረቀቱን አሳየችኝ። መስመሩ እስከ መሀል ድረስ ደህና ሄዶ ከዚያ ገደል ገባ። ቀጭን የሚባል ድምፅ ሁሉ፣ የጸናጽሉ ጫፍ፣ የወፉ፣ የክራሩ ጭረት፣ ለእኔ ጠፍቷል። ወረቀቱን አጥፌ መኪናዬ ኪስ ውስጥ፣ ከኢንሹራንሱ ሥር ከተትኩት። ለማንም አልተናገርኩም።

ከፋሲካ በኋላ አሸብር ደወለ።

«ንዋይዬ፣ ሱፐር ትዊተር ኦርደር አድርጌ መጣልኝ። ናና ኢንስቶል አድርግልኝ።»

ሱፐር ትዊተር ስፒከር አናት ላይ የምትቀመጥ ትንሽ ሣጥን ናት። ተራው ትዊተር፣ ስፒከር ውስጥ ያለችው የቀጭን ድምፅ ማውጫ፣ የማይደርስበትን እጅግ ቀጭኑን ድምፅ እንድታወጣ ነው የተሠራችው። የሃያ ዓመት ልጅ ጆሮ እንኳ የእሷን ግማሽ መንገድ አይሄድም። ታዲያ የስድሳ ዓመቱ ባለ ሊሞ አሸብርና የአምሳ ስምንት ዓመቱ ሻንጣ ጫኝ ምን ልንሰማባት ነው? ይህን ብዬ መመለስ ነበረብኝ። ግን ሄጄ በየስፒከሩ አናት ላይ አንድ አንድ ገጠምኩ። ለሁለቱ የራሳቸው ትንሽ አምፕሊፋየር ነበራቸው፤ አሸብር ደግሞ ኢንተርኔት ላይ አንብቦ «መሞቅ ስላለበት መቼም ኦፍ እንዳይደረግ» አለ። ቀንም ሌትም መብራቱ በርቶ ቀረ።

በማግሥቱ እሑድ ነበር። ከቅዳሴ በኋላ እንግዳ ተጠራና ሁላችንም ሶፋው ላይ ተደረደርን። አሸብር ዘፈን ከፈተ። አክሊሉ፣ የመኪናውን ጡሩምባ ከስልክ ጥሪ የማይለይ ወዳጃችን፣ ዓይኑን ጨፍኖ ራሱን ወዘወዘ።

«ወይኔ! ክሪስታል ነው እኮ። እያንዳንዷ ጸናጽል ለብቻዋ ተቆጥራ ትመጣለች።»

ሌላው «በፊት መጋረጃ ነበረበት ማለት ነው» አለ። ሌላዋ ሰውነቷን እንደወረራት ተናገረች። ሰው ቤት ተጠርተህ፣ ባለቤቱ አፍ አፍህን እያየ፣ «ምንም ልዩነት የለውም» አይባል ነገር። ይሉኝታችን እንዲህ ነው፤ አንዱ ሲጀምር ሌላው እየጨመረበት ይሄዳል። ከዚያ ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ፣ ጆሮ ምን ይላል ብለው። እኔም ዓይኔን በጨው አጥቤ «ዘፈኑ አየር አገኘ» አልኩ። አሸብር ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ።

ዘፈኑ አልቆ ጸጥ እንዳለ ሄርሜላ ከመኝታ ቤቷ ሁለት ጆሮዋን ይዛ ወጣች። የአሸብር ልጅ ናት፣ ሃያ አራት ዓመቷ። ነርሲንግ ጨርሳ ለላይሰንስ ፈተና ታጠናለች፤ ክፍሏ ከሳሎኑ ጋር ግድግዳ ይጋራል።

«ባባ፣ ምንድነው የሚጮኸው? ላይክ፣ በጣም ቀጭን ነገር። ከትናንት ጀምሮ አላቆመም። ጥርሴን ነው የሚያመኝ።»

«ዘፈኑ እኮ ቆሟል ልጄ» አለ አሸብር። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ብዙነሽ ናት የነገረችኝ። ልጅቷ ራሷን እያመማት እንቅልፍ አጣች። አምፕሊፋየሩን፣ አምፑን፣ ስታጠፋው አባቷ ይከፍተዋል። በመጨረሻ መጽሐፏን ይዛ ግቢው ውስጥ የቆመው መኪናዋ ውስጥ ማጥናት ጀመረች። የጆርጂያ ሙቀት ይታወቃል። ልጅቷ መስኮት ከፍታ፣ መጽሐፉን መሪው ላይ አስደግፋ፣ ላቧን በእጅጌዋ እየጠረገች ታነባለች። ሦስት ሳምንት እንዲህ ሆና ሲበቃት «ሙቭ አውት ላደርግ ነው፣ ከጓደኛዬ ከማሂ ጋር ቻምብሊ ላይ አፓርትመንት አይተናል» አለች። አሸብር ደሙ ፈላ። ከቤት ለመውጣት የፈጠረችው ሰበብ ነው፣ ያልተዳረች ልጅ ቤቴን ጥላ አትሄድም ብሎ ፎከረ። ብዙነሽ ስታለቅስ ከረመችና ሽማግሌ ጠራች፣ እኔንና አክሊሉን።

በትዳርም በዕቁብም ሽምግልና ተቀምጬ አውቃለሁ። በትዊተር ስቀመጥ ግን የመጀመሪያዬ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ሄድን። አሸብር ነገሩን በአጭሩ አስቀመጠው።

«ድምፅ አለ ትላለች። እኔ የለም እላለሁ። ንዋይ ያዳምጥና ይፍረድ። ድምፅ ካለ ዕቃውን ዛሬ ሪተርን አደርገዋለሁ። ከሌለ ግን ልጄ ዋሽታኛለች።»

ብዙነሽ ፍሪጁን ሳይቀር ነቀለች። ስልክ ሁሉ ተዘጋ። ተነሥቼ ጆሮዬን ሱፐር ትዊተሯ ላይ ለጠፍኩ። ምንም። ዞሬ ሌላኛዋን አዳመጥኩ። ምንም። ሄርሜላ ፊቷ ተጨማዶ፣ ትከሻዋን ወደ ጆሮዋ ሰብስባ ታየኛለች።

«ጋሽ ንዋይ፣ አንተ ትሰማዋለህ አይደል? ኦ ማይ ጋድ፣ እዚህ ጋ እኮ ነው።»

ያን ጊዜ ማለት የነበረብኝ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። «የእኔ ጆሮ ሞቷል፣ የልጅቷን እመኑ።» አፌ ድረስ መጥቷል። አክሊሉ ግን አገጩን ይዞ ይጠብቀኛል። አሸብርም «ጆሮ ካልሰማው የለም ማለት ነው» ይላል። ነገ ይህ ወሬ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ሲዞር ታየኝ፤ ጆሮ ደነቆረ፣ ለካ ሲያታልለን ነው የኖረው ሲባል።

«የለም» አልኩ። «ምንም ድምፅ የለም።»

እዚያ ላይ ባቆም ደግ ነበር። «ፈተና ሲቀርብ ጭንቀት እንዲህ ያደርጋል» ብዬ ጨመርኩበት፣ እንደ ሐኪም።

«ሶ፣ እያበድኩ ነው?» አለች ሄርሜላ። አሸብር ክንዱን አጣጥፎ ይቅርታ እስክትጠይቀው ጠበቀ። እናቷ በለሆሳስ «ተይ ልጄ፣ ለሽማግሌዎቹ ስትይ» ብላ ገፋ አደረገቻት። ልጅቷ ጎንበስ ብላ የአባቷን ጉልበት ሳመች። እሱም ግንባሯን ስሞ አነሣት። አክሊሉ «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ብሎ መረቀ። ብዙነሽ ክትፎ አቀረበች። በላሁ። ያን ክትፎ እንዴት እንደዋጥኩት ሳስበው ዛሬም ምራቄ ይመርረኛል።

አላስቀምጥ አለኝ። ስልኬ ላይ ድምፅን በመስመር የሚያሳይ አፕ ጫንኩና ረቡዕ «ስክሩ ድራይቨሬን ረስቼ» ብዬ ሄድኩ። ብዙነሽ ከፍታልኝ ወደ ኩሽናዋ ተመለሰች። ዘፈን የለም። ስልኩን ሱፐር ትዊተሯ ፊት ዘረጋሁት። አሥራ አምስት ሺህ የሚለው፣ እጅግ ቀጭኑ ድምፅ የሚታይበት ቁጥር ላይ አንድ መስመር እንደ ሚስማር ቀጥ ብሎ ቆመ። አምፑ ተበላሽቶ ሌት ተቀን ሲያፏጭ ኖሯል። እጄን ሰድጄ ከአምፑ ጀርባ ወደ ሱፐር ትዊተሮቹ የሚሄደውን ገመድ ነቀልኩት። መስመሩ ወደቀ።

የሄርሜላ በር ተከፈተ።

«ቆመ!» አለች። እጄ ላይ ያለውን ገመድ አየች፣ ስልኩን አየች። ጠጋ ብላ መስመሩ የነበረበትን ቦታ ነካችው። ዓይኗ እንባ ሞላ። «እውነት ነበር ማለት ነው። አላበድኩም።»

«አላበድሽም። የማልሰማው እኔ ነኝ» አልኳት። ይህን ቃል ስናገር የመጀመሪያዬ ነበር፤ ቀለለኝ። «ለአባትሽ እነግረዋለሁ። እሑድ፣ ሁሉም ባለበት። በሰው ፊት ነው ያዋረድኩሽ፣ በሰው ፊት አነሣሻለሁ።»

«ፕሮሚስ?»

«በእናቴ አጥንት።»

አቀፈችኝ። የአምፑ መብራት እንደበራ ስለነበር አሸብር ገመዱ መነቀሉን አላወቀም።

እሑድ ወረቀቱን ከመኪናዬ አውጥቼ ደረት ኪሴ ውስጥ ከትቼ ገባሁ። ሶፋው ሞልቷል። አሸብር ዘፈኑን ከፈተ። ሱፐር ትዊተሮቹ ገመዳቸው ተነቅሎ፣ እንደ ጌጥ ዕቃ ተቀምጠዋል፤ አንዲት ድምፅ አያወጡም። አክሊሉ ዓይኑን ጨፈነ።

«ዛሬ ደግሞ ባሰ! ሲሞቅ ሲሞቅ ይሻሻላል ማለት ይሄ ነው። ትሬብሉን፣ ቀጭኑን፣ ስሙትማ!»

«ልክ ነህ፣ ድምፁ ተፍታቷል» አሉ ሌሎቹ። የጅላጅል ጉባኤ! እጄን ወደ ኪሴ ሰደድኩ፣ ወረቀቱን ነካሁት።

ሄርሜላ በሩ ላይ ቆማለች። ታየኛለች። ራሷን በትንሹ ነቀነቀችልኝ፣ አይዞህ እንደማለት።

«ንዋይ ጆሮ!» አለ አሸብር ሰው ሁሉ እንዲሰማ። «አንተ ባትኖር እኮ ይሄ ሁሉ የለም። እስቲ ዛሬ ምን ትላለህ?»

ሁሉም ዞሩ። አሥራ ሁለት ሰው ይሆናል። ወረቀቱ በጣቶቼ መሀል ነው፣ ላቤ አርሶታል። አፌን ከፈትኩ።

«ጥሩ ነው» አልኩ። «ቀጭኑም ድምፅ ጥሩ ሆኗል።»

ወደ በሩ ማየት አልቻልኩም። አሸብር ሳቅ አለና ወደ ልጁ ዞረ። «አንቺስ እመቤት? አሁንም ይጮሃል?»

ከዚያ ድምፅዋ መጣ፣ ረጋ ያለ፣ እናቷ እንግዳ ስታስተናግድ የምትናገርበት ዓይነት።

«አይ ባባ። ያን ጊዜም የጮኸ ነገር አልነበረም። ጭንቀት ነው። ጋሽ ንዋይ ልክ ነበሩ።»

«ጎሽ!» አለ ሰው ሁሉ። «አደገች እኮ! ጨዋ ልጅ!» ብዙነሽ እልል ልትል ምንም አልቀራት። ቀና ስል ሄርሜላ ፈገግ ብላለች፣ ልክ እንደኛ፣ ጥርስ ብቻ። ትሪውን ከእናቷ ተቀብላ ሶፋውን ዞረችና ለእያንዳንዱ ጎንበስ እያለች አቀረበች። እኔ ጋ ስትደርስ ሰሐኑን በሁለት እጇ ሰጠችኝ። አላየችኝም።

ተጸየፍኩ። አሸብርን፣ አክሊሉን፣ ከሁሉም በላይ ሰሐኑን የተቀበለውን እጄን። በዚያ ቤት ውስጥ ያየውን አየሁ፣ የሰማውን ሰማሁ የሚል አንድ ሰው ነበር። በአንድ ወር ውስጥ እሷንም እንደኛ አስተካከልናት።

አክሊሉ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ። «ንዋይዬ፣ እኔም ሱፐር ትዊተሯን ላስገባ ነው። ትገጥምልኛለህ አይደል?»

ወረቀቱን ኪሴ ውስጥ ጨመደድኩት።

«ኦርደር አድርግና ደውልልኝ» አልኩት።